በሳሙና የተሳለው ሞተር

ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ምሳ እየበላሁ ነው የያዙኝ። ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ነበር። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ላምበረት አካባቢ ያለ የእስረኞች ማቆያ ግቢ አስገቡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይበርዳል፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። መጀመሪያ ያናገሩኝ አንድ ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ናቸው። «እዚህ ጋ ና፣ ልጄ» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ አለበሱኝ። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

በክፍላችን ደንብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በየተራው የሚያውቀውን ያስተምራል። እኔ የአውቶሞቲቭ መምህር ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ግድግዳው ላይ በሳሙና የድሮ መኪና ሞተር ሳልኩና «ቤንዚን»፣ «እሳት» ብዬ ጻፍኩበት።

«ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ ከገባ በደንብ አይነድም፤ መትነን አለበት። ብርድ ሲሆን ደግሞ አይተንም። ስለዚህ የድሮዎቹ መሐንዲሶች ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ አዙረው የመግቢያውን ቧንቧ አሞቁበት» አልኳቸው። ሽማግሌው መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጠባቂው ሥዕሉን አይቶ መርማሪ ጠራ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪና ሞተር።»

«ቤንዚን ይላል። እሳት ይላል። ቧንቧም አለው። ቂል እንመስልሃለን?»

«ቤንዚኑ ተንኖ ይቀጣጠላል፤ መኪናው ይሄዳል።»

«ወዴት?»

መርማሪው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባባ፣ ፈንጂ ሲያስተምር ሰምቻለሁ ብለው ይፈርሙ። ዛሬውኑ ባለቤትዎ ጋ ይደርሳሉ።»

ፈራሁ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«በከንቱ ይባክን የነበረ ሙቀት ለብርዱ ዋለ ነው ያለን። ሌላ አልሰማሁም።»

«ደግመው ያስቡበት።»

«አስቤበታለሁ።»

ሥዕሉን በገዛ ሸሚዜ አስጠርገውኝ ወጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከስንቅ ጋር መርዶ መጣ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ለቀብር እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ሁላችንም ዙሪያቸውን ተቀመጥን፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አቃተኝ።

«በኔ ምክንያት ነው» አልኩ።

«አንተ ምን አደረግህ? አስተማርህ እንጂ።»

ከዚያ ከጥጉ የሳሙና ስባሪ አንስተው ሰጡኝ።

«እኔ መሀሉ ላይ ተኝቼ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ እያየን፣ ያንኑ ሞተር እንደገና ሳልኩ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልከደኑም።

አሁን ተፈትቼ ሰሚት ነው የምኖረው። በክረምት ጠዋት አሮጌዋን ቮልሴን አስነስቼ ወዲያው አልሄድም፤ የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የመግቢያ ቧንቧው እስኪሞቅ እጄን አስደግፌ እቆማለሁ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና «ይበቃል፣ ሞቋል» ትለኛለች። የሽማግሌው ባለቤት ድምፅ ምን ዓይነት እንደነበር አላውቅም።