ለምርመራ የተዋስናት ላም

ንጋት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። መኪናዬ ዳገቱ ላይ ከእኔ ብሳ ታቃስታለች። አጠገቤ የከብት ሐኪሟ ዶክተር ሰላም ብልቃጦቿን አቅፋ ተቀምጣለች። የምንሄደው ካራ፣ አክስቴ እትዬ አልማዝ ዘንድ ነው። ወተት የሚያስረክቡለት ካፌ፣ ላማቸው ከውርጃ በሽታ ነጻ መሆኗ ካልተመረመረ አልቀበልም ብሏቸዋል። ቤቱ የቆመው በዚያች ላም ነው።

ጠዋት፣ ኮተቤ። መንገዱ ተቆፍሮ ተትቷል፤ ጉድጓዱ ዝሆን ቢገባበት ጆሮው አይታይም።

"በሽታው ላሟን ያስወርዳታል" አለች ዶክተሯ። "ሰውን ደግሞ ካልፈላ ወተት ይይዘዋል። ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም..."

"እኔንም ወገቤን ያመኛል።"

"ያንተ ከመኪናው ነው።"

ረፋድ፣ ካራ። አክስቴ በረቱ ደጃፍ ቆመዋል፤ ላሟ ታብረቀርቃለች። ባለፈው ሳምንት ጎድኗ እንደ ክራር ጅማት ይቆጠር ነበር። የእንጦጦን ሣር ሙልጭ አድርጋ ብትግጥ እንዲህ አትወፍርም።

"እትዬ፣ ምን ቢያበሏት ነው?"

"ፋጉሎ ነው፤ አንተ አፍህን ዝጋ።"

ደም ተቀዳ፤ ረግቶ ላዩ ላይ ውሃ መሳይ እስኪወጣ ጠበቅን። ዶክተሯ ጠብታውን ከሮዝ ፈሳሽ ጋር ስታማስለው እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ።

"እማማ፣ ላሟ በሽታው ሳይኖርባት አይቀርም። ላቦራቶሪ ያረጋግጠዋል።"

"የኔ አይደለችማ" አሉ አክስቴ። "የጎረቤቴ የጋሽ ገመቹ ናት። የኔዋ ክሳቷ ስላሳፈረኝ ማታ ተለዋወጥን።"

ለፎቶ ኮት የሚዋስ አውቃለሁ። ለደም ምርመራ ላም የሚዋስ ግን ከእኛ ዘር ወጣ።

ጋሽ ገመቹ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። "የኔዋ በቀደም ጨንግፎባት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የሰው ዓይን ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ከሰዓት፣ እዚያው። የከሲታዋም ደም ተመረመረ። ፈሳሹ ሳይቋጠር ለስልሶ ቀረ። አክስቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

"ማታ የት አደረች?" አለች ዶክተሯ።

"ጋሽ ገመቹ በረት።"

"ላማቸው የጨነገፈችበት?"

"አዎ፣ እዚያው ነው" አሉ ጋሽ ገመቹ። "እንግዳ ናት ብዬ፣ ሙቀት ያለው የላሜ ገለባ ላይ ነው ያስተኛኋት።"

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። "ለብቻዋ ትታሰር። ከሳምንታት በኋላ ደግመን እንመረምራታለን፤ እስከዚያ ነጻ ናት አልልም።" አክስቴ አፋቸውን ዘጉ።

አመሻሽ፣ መልስ። ጋሽ ገመቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ለወራት ወገባቸውን ይዘው 'የእንጦጦ ብርድ ነው' ሲሉ ከርመው፣ በዶክተሯ ቁጣ ጤና ጣቢያ እያደረስናቸው ነው።

"ጋሽ ገመቹ" አልኳቸው በሩን ስከፍትላቸው፣ "ደም ሲቀዱዎት የራስዎን ክንድ ነው የሚሰጡት፤ ተስማማን?"

"የአክስትህ ወፈር ይል ነበር" አሉ፣ ወገባቸውን ደግፈው እየወረዱ።