ከሃምሳው አሥራ አንድ

በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ስትፈትን ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት። ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ የለም፤ ሆዳችን ውስጥ ያለውን ታይብናለች ብለው ይፈሯታል። ለምጄዋለሁ ትላለች። አልለመደችውም።

የዚያን ቀን የመጡት ከመሰላል የወደቁ ጡረተኛ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ሃምሳ ሥዕሎች በየተራ አሳየቻቸው። ቀጥላ እያንዳንዱን ካላዩት ሌላ ሥዕል ጋር እያጣመረች «የትኛውን ነው ያዩት?» እያለች ጠየቀቻቸው። የፈተናው ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው እንኳ ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ሽማግሌው ያገኙት አሥራ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ዕድለ ቢስ ገማች ደግሞ አልተፈጠረም። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ለመሳት መልሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ ሥዕሎቹን ያስታውሷቸዋል አይደል?»

ሽማግሌው በሩን አዩ። ከበሩ ውጭ ሴት ልጃቸው ትጠብቃቸዋለች።

«ድሮ ዓመት ሙሉ ዝር አትልም ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወደቅኩ ወዲህ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ፂሜን ሳይቀር ትላጨኛለች። ደህና ነው ብለሽ ከጻፍሽ በነጋታው ውልቅ ትላለች። እባክሽ ልጄ፣ አታጋልጪኝ።»

«እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፣ አባቴ።»

አንጀቷን በልተዋታል፤ ቢሆንም ጻፈች፦ «ሆን ብለው ስተዋል፤ ውጤቱ አይታመንም።» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ልጅየዋ ክንዳቸውን ያዘች። ፈታኟ ኮሪደሩን እስኪጨርሱ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ቀናችባቸው።

ቤቷ ስትገባ እንደወትሮው ጭር ብሏል። በሳምንት አንዴ የሚደውለው ልጇ ደወለ፤ እንደወትሮው ቸኩሏል።

«እማዬ፣ ሰኞ ቃለ መጠይቅ እንዳለኝ ነግሬሽ የለ?»

ነግሯታል። ሰዓቱን፣ ሕንፃውን፣ ሊለብሰው ያሰበውን ሰማያዊ ሸሚዝ ሳይቀር ታስታውሳለች።

«የምን ቃለ መጠይቅ?» አለች።

«ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የነገርኩሽ። እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«እንጃ ልጄ።»

«ቆይ፣ የትም እንዳትወጪ። አሁኑኑ መጣሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ከዚያ ተነስታ ሁለት ሰሐን አቀረበች።