የባሮው ነጠብጣባም ዓሣ

አረቄ ሲሸተኝ እንባዬ ይቀድመኛል። ጠጪ ሆና ነው እንዳትይኝ ብቻ! ትናንት ሰርግ ቤት አጠገቤ ሲቀዳ ሸተተኝና ተነስቼ ወጣሁ።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነች ሰሞን ነው፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ማኅተም ሲያስቀርጽ። አባቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ባሮ ውስጥ ጢም ያለው፣ ጀርባው እሾሃም፣ ከውኃ ሲያወጡት ሲጥ ሲጥ የሚል ትንሽ ዓሣ አለ። ዓሣ አጥማጁ ወዳጁ አንድ ቀን ሁለት አመጣለት፤ አንዱ ልሙጥ፣ ሌላው ነጠብጣባም። ሰው ሁሉ "ያው አንድ ዓሣ ነው" አለ። አባቴ ግን "የለም፣ ይሄ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥም የለም" ብሎ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የጓጓው፣ ማንም ያላወቀውን አንድ ነገር አገኘ እንዲባል ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዓሣው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን አልነበረውም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ነጠብጣባሙን ጠርሙስ ውስጥ ከቶ አረቄ ሞላበት። እናቴ "ጉድ እኮ ነው! ሰው አልበቃ ብሎ ዓሣ ያሰክር ጀመር" እያለች ሰፈሩን አሳቀችበት።

በደብዳቤ የለመናቸው አንድ የዓሣ ምሁር ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ አባቴ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጠርሙሱን አቅፎ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉ አረቄ አረቄ ሸተተ። ዓሣው ነጭ ሆኗል፤ አንዲት ነጠብጣብ የለችም። አረቄው ቀለሙን ጨርሶ በልቶታል።

ምሁሩ አልቀለዱበትም። "ዝርያና ዝርያ የት ላይ እንደሚለይ እኛም ገና እንከራከራለን። ይህን አይቼ ግን ምንም ማለት አልችልም። ትኩሱን ያግኙልኝ" አሉት።

አባቴ ክረምቱን ሙሉ ባሮ ዳር ከረመ። ነጠብጣባሙ ዓሣ ግን ጠፋ። ወባ ያዘው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት። ሲቃዥ እንኳ "ነጠብጣብ ነበረው፤ አይተሽዋል አይደል?" ይለኝ ነበር። "አዎ አባዬ፣ አይቼዋለሁ" እለዋለሁ። እንደዚያ እያለ አመለጠኝ። አንጀቴ እስከ ዛሬ አልሻረም።

ዓሣ አጥማጁ ያኔ ኢታንግ ወርዶ ነበርና ምንም አልሰማም። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በራችን ላይ "መምህር! መምህር! ና እይ!" ሲል ሰማነው። አንቱ ማለት አይሆንለትም ነበር። በባልዲው ውኃ ውስጥ ነጠብጣባሙ ዓሣ በሕይወቱ ይዋኛል። እናቴ ጥቁር ለብሳ ወጣች። አያትና ፈገግታው ጠፋ፤ ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

"እንግዲህ ለማን ላሳይ?" አለ።

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ከባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ለኔ አሳየኝ" አለችው።