ዳኛው የቆሰለ ዕለት

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። መቀስ ይዞ ዝም ማለት አይሆንለትም። የሰው ጭንቅላት ከፊቱ ካገኘ የሰማውንም ያልሰማውንም ይዘረግፋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ቀሎለት፣ ወሬ ግን ተጭኖ ነው የሚወጣው። ቤቱ ሲገባ ግን ጣቢያው ይዘጋል። ምክንያቱ አማቱ ናቸው።

አማቱ ባላቸው ሲሞቱ አንድ ሻንጣና አንድ ግራጫ ድመት ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ለአማችየው የሚሉት ነገር ሲኖር በቀጥታ አይናገሩም። እሱ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ እየሰማ ለልጃቸው «ባልሽ በሩን በቀስታ ይዝጋ» ይላሉ። ልጃቸው ሥራ ላይ ከሆነች ደግሞ ለድመቱ ይነግሩታል፦ «ዳኛው፣ ዛሬም በጫማው ምንጣፍ የረገጠ ሰው አለ።» ዳኛው የሚለውን ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ተጎልቶ ወጪ ገቢውን ሲያይ የሚፈርድ ይመስላል። አማቹም አንገቱን ደፍቶ ሻዩን መጠጣት ለምዷል።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ለጠዋት ፈረቃ ወደ ፋብሪካዋ ከወጣች በኋላ፣ ዳኛው በወጥ ቤቱ መስኮት ዘሎ ገባ። ከጎረቤቱ ቀይ ድመት ጋር ተናንቆ ነው የመጣው። የግራ ጆሮው ጫፍ ተቀዷል፤ ትከሻው ላይ የጥፍር ጭረት አለ፤ ደረቱ በደም ርሷል። አማቱ ሲያዩት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«ና እስቲ፣ ድረስልኝ» አሉ።

ሰውየው የተጠራው እሱ መሆኑን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ። አሮጌ ፎጣ አምጥቶ ዳኛውን እንደ ሕፃን ጠቀለለውና ጭንቅላቱንና የቆሰለ ትከሻውን ብቻ አስቀርቶ አማቱ እቅፍ ውስጥ አኖረው። ደሙ እስኪቆም ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ያዘለት። የፈላ ውሃ ለብ እስኪል ጠብቆ ጨው ጣል አደረገበት። ከሥራ ቦርሳው የፀጉር መቁረጫ ማሽኑን አውጥቶ ማስነሣት አስቦ ነበር፤ ድምፁ እንደሚያስበረግገው ሲገባው ጫፉ ደነዝ የሆነውን መቀስ መርጦ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር እየቆረጠ አነሣ። ከተላጩ በኋላ አልኮል እየቀባ ስንት ጎረምሳ ያስለቀሰ እጁ በልማድ ወደ አልኮሉ ጠርሙስ ሲሄድ፣ አማቱ አልፈቀዱም።

«እሱንስ እንዳትነካው፣ ያቃጥለዋል» አሉት።

ተወው። በጨው ውሃው ጭረቱን ቀስ እያለ አጠበ። ጥርስ የገባበት ቦታ እንደሌለ በጣቱ እየዳሰሰ አየ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉም ተከፈተ፤ ለዳኛው ዳር ዳሩን ብቻ እንደሚያነሣለት፣ አናቱን እንደማይነካበት ይነግረው ጀመር።

«ለድመትም ወሬ አለህ?» አሉ አማቱ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ቢጤ ነበር።

የፀጉር ቤቱ መክፈቻ ሰዓት አልፎበት ስለነበር ቦርሳውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ አማቱ የራስ ምታት ክኒኑ የት እንዳለ ጠየቁት። ድንጋጤው ራሳቸውን አሟቸው ይሆናል ብሎ መሳቢያው ውስጥ መሆኑን ነገራቸውና ሄደ።

ፀጉር ቤቱ በር ላይ የጠበቀው አብሮ አደጉ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በየወሩ ፀጉሩን የሚቆረጠው እዚያ ነው። ሬዲዮ በግራ በኩል ጨርሶ ወደ ቀኝ ከመዞሩ በፊት የጠዋቱን ታሪክ ጀምሮ መጨረሱ ነው። ሐኪሙ በጨው ውሃ ማጠባቸው ደግ እንደሆነ፣ አልኮሉን መተዋቸውም እንዲሁ እንደሆነ ነገረው።

«ብቻ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡት» አለ። «ለራስ ምታት የምንውጣት ክኒን ድመት ትገድላለች።»

መቀሱ አየር ላይ ቆመ። ሬዲዮ ስልኩን አውጥቶ ለአማቱ ደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። ማበጠሪያውን ጥሎ ወጣ። ሐኪሙም ነገሩ ሳይነገረው ገብቶት፣ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ ተከተለው። አንዱ መቀስ ይዞ፣ ሌላው ግማሽ ፀጉር ተሸክሞ መንገዱን ሲሮጡት ያየ ሁሉ ዘወር እያለ ይመለከት ነበር።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የዳኛው ሳህን ባዶውን ተቀምጧል። አጠገቡ ነጭ ዱቄት የያዘ ማንኪያ አለ። ዳኛው የለም። አማቱ ስልካቸውን መኝታ ቤት ትተው ማጠቢያው ጋ ዕቃ ያጥባሉ።

«እማማ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ክኒኑን ለዳኛው ሰጡት?»

«እንዳያመው ብዬ ፈጭቼ በወተት በጠበጥኩለት» አሉ፣ የሁለቱን ሰዎች ፊት እያፈራረቁ እያዩ። «ምን ሆነ?»

ሬዲዮ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ድመቱ መጠጣቱን የጠየቃቸው ሐኪሙ ነው።

«የት ጠጥቶ! አሽትቶ፣ የሰደብኩት ይመስል ፊቱን አዞረብኝ። ጊዜም አላባከንኩ፣ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።»

ዳኛውን ያገኙት የአማቱ አልጋ ሥር፣ ቤት ጫማቸው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነው። ሐኪሙ በሆዱ ተኝቶ አወጣው። ድዱን ገልጦ አየ፣ አተነፋፈሱን አዳመጠ፣ ቁስሉን መረመረ። ምንም አልሆነም አላቸው። ጥቂት ቀን ከቤት እንዳይወጣ፣ ጠዋትና ማታ በጨው ውሃው እንዲያጥቡት፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ወደ ክሊኒኩ እንዲያመጡት ነገራቸው። ክኒኑ ምን ሊያደርገው ይችል እንደነበርም አስረዳቸው።

አማቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ዳኛውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዳበሱት።

«በእጄ ልገድለው ነበር» አሉ።

«ክኒኑ የት እንዳለ የነገርኩዎት እኔ አይደለሁ?» አለ ሬዲዮ። «ሁለታችንም አላወቅንም፣ እማማ። እሱ አውቆ አተረፈን።»

አማቱ እንባቸውን ሊጠርጉ ቀና ሲሉ የሐኪሙን ጭንቅላት አዩ። በግራ በኩል ጥርት ያለ፣ በቀኝ በኩል ጫካ። «ይሄን ሰውዬ ደግሞ ምን አድርገኸው ነው?» አሉና ሳቅ አፈናቸው። ሦስቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። የቀኙ ጎን እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በእንጨት ወንበር ላይ ተቆረጠ። መስታወቱን አማቱ ያዙ፤ የቱ ጋ እንደቀረም በጣታቸው እያሳዩ አዘዙ።

ያን ሳምንት ድመቱን የሚያጥቡት አብረው ነበር፤ እሳቸው ይይዛሉ፣ እሱ ያጥባል፤ ወሬው በሁለቱም በኩል ነው። ቁስሉ ሳያብጥ ደረቀ። ቅርፊቱ የረገፈ ዕለት ዳኛው የቀረበለትን የተቀቀለ ዓሣ ሳያሸት ዋጥ ዋጥ አደረገና መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ላይ ተዘረጋ። አማቱና አማቹ ሥራቸውን ትተው ሆዱ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ቆመው አዩት።