ኦቦ ጉዮን ሰላም ያላልኩ ቀን

ነገሌ ከተማ ዳር ካለው ኮረብታ ላይ ከአስተማሪ ጓደኞቼ ጋር ሦስት የብስክሌት መንገድ ጠርገን ነበር፤ አንዱ ለጀማሪ፣ አንዱ ትንሽ ለለመደ፣ ሦስተኛው ለደፋር። እኔ በሁለት ሳምንት ልምዴ ራሴን ከደፋሮቹ መደብኩ።

ቁልቁለቱን ገና ስጀምረው ጎረቤቴ ኦቦ ጉዮ ከብቶቻቸውን እየነዱ ብቅ አሉ። «አካም! ናጋ?» አሉኝ፣ በትራቸውን ከፍ አድርገው። እኛ አገር ቆመህ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳትጠያየቅ አታልፍም። እኔ ግን ፍሬኑን ብለቅ አንገቴ ይሰበራል፤ አፌን ብከፍት አቧራ እቅማለሁ። ዓይኔን አፍጥጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በአጠገባቸው ውልብ ብዬ አለፍኩ። «ምን ሆንክ ልጄ?» ሲሉ ከኋላዬ ሰማኋቸው። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ በልቤ።

ታች ስደርስ ጎማዬ ፈነዳ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤቴ ብደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ወጥቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ክብረ መንግሥት ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝና ብስክሌቱን ወርውሬ በጩኸት አለቀስኩ። እኔን ሲያዩ ግቢው በሙሉ እሪ አለ። አቅፈውኝ፣ ደግፈውኝ፣ ውሃ አጠጥተውኝ አብረን ስናለቅስ ቆየን።

ድምፄ ሲዘጋ ባለቤቴን «ማን ነው የሞተው?» አልኳት።

እንባዋን ጠረገችና አፈጠጠችብኝ። «እኛ ምን እናውቃለን? ኦቦ ጉዮ ደውለው ‹ሰላም ሳይለኝ አለፈ፣ ሰው ቢሞትበት ነው› አሉን። አንተ እስክትነግረን ነው የምንጠብቀው!»