ጋሽ ልሳነወርቅ ለእንግዳ ሲነሱ

ጋሽ ልሳነወርቅ ተቀምጠው ሰው ተቀብለው አያውቁም። የፖስታ ሠራተኛ ይሁን የቧንቧ ጠጋኝ፣ በሩ ከተከፈተ «ኖር!» ብለው ብድግ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየገባሁ የምረዳቸው እኔ እንኳ እንግዳ ነበርኩ። «በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ ጋሼ!» ብዬ እቆጣለሁ። እሳቸው ግን እኔ ካልተቀመጥኩ አይቀመጡም።

ቤታቸው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ልጃቸው ንግስት ከአገር ቤት ካመጣቻቸው ጀምሮ እስከ ሰባ አራት ዓመታቸው ዋሽንግተን መሃል የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ከዚያ ስትሮክ መጣና ግራ እጃቸውንና ጉልበታቸውን አደከመው። ንግስት ሲልቨር ስፕሪንግ አሳንሰር የሌለው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ሥራዋም ሁለት ነው። ስለዚህ የምሠራበት፣ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚንከባከበው የሆም ኬር ድርጅት እኔን አበዛሽን ላከኝ፣ በቀን ለሦስት ሰዓት።

ከሦስቱ ሰዓት ውጪ ማንንም አይፈልጉም። ባለ አራት እግር ዎከራቸውን እየተደገፉ ኮሪደሩን ስድስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ሁለት የባቄላ ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የግራው ሲወድቅባቸው ጣሳውን ይሰድቡታል። ጨው ትተዋል፣ ምሳቸውን ራሳቸው ያሞቃሉ። የእኔ እርዳታ ገላ መታጠቡ፣ ሸሚዝ መቆለፉና ካልሲው ላይ ብቻ ነበር። «አበዛሽ፣ ሞት አያስፈራኝም» ይሉኛል። «እኔ የምፈራው ነርሲንግ ሆም ገብቶ መጦሩን ነው።»

በዓመት አንዴ ነርስ እየመጣች እርዳታው አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ታያለች። በ2014 አዲስ ነርስ ከመምጣቷ በፊት ባለው ቀን በደንብ አስጠነቀቅኳቸው። «ጋሼ፣ የሚያቅትዎትን ሁሉ ይንገሯት። ከደበቋት ሰዓታችንን ይወስዱብናል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ።

በማግስቱ ስደርስ ግራጫ ሱፋቸውን አልጋው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። አጠብኳቸው፣ ሸሚዛቸውን ቆለፍኩ፣ ከረባታቸውን አሰርኩ። «ይህን ዎከር ወዲያ አድርጊልኝ» አሉ። «እንግዳ ሲመጣ ቤት መሃል ምን ይሠራል?» ገፍቼ መታጠቢያ ቤት የደበቅኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ!

ነርሷ ዕድሜዋ የልጅ ልጃቸው ቢሆን ነው። ገና ስትገባ «ኖር!» ብለው ተነሱ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ አየሁ፤ እሷ ያየችው ሱፉን ነው። ጁስ ራሳቸው ቀዱላት። ከዚያ ስልኳ ላይ ያለው አስተርጓሚ በአማርኛ ጠየቃቸው።

«ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልብስዎንስ?»

«ያው ለብሼ አይደል የተቀበልኳት!»

እንዴት ብለው ይናገሩ? ዛሬ ገና ቤታቸው ለገባች ልጅ፣ ስልክ ውስጥ ላለ ለማያውቁት ወንድ፣ «ይቺ ሴት ናት የምታጥበኝ» ይበሉ? ነርሷ ወደ እኔ ዞረችና የምጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ጋሼ አዩኝ። እንደማላዋርዳቸው እርግጠኛ ነበሩ።

«የለም» አልኳት።

እስከ በሩ ሸኝተዋት ተመለሱና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። «ደህና ተቀበልናት፣ አይደል?» አሉኝ። ልጄ ቢሆኑ እጮህባቸው ነበር። «አዎ ጋሼ» አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ራሳቸውን ችለው መኖር ስለሚችሉ አገልግሎቱ ይቆማል ይላል። ንግስት ይግባኝ ብትልም ቀጠሮ የሰጧት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔን ድርጅቱ ስፕሪንግፊልድ ወዳሉ ሌላ አዛውንት አዛወረኝ። ማለዳ ማለዳ ግን እደውልላቸዋለሁ። «ድንቅ ነኝ፣ ስድስቱንም ዙር ጨርሻለሁ» ይሉኛል።

አንድ ሐሙስ ስልኩን አላነሱም። ኮሪደር ላይ ይሆናሉ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። እሳቸው ለካ ገላቸውን ሊታጠቡ ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ንግስት ያገኘቻቸው ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አምቡላንስ ልትጠራ ስትሮጥ «ፎጣ! መጀመሪያ ፎጣ አልብሽኝ!» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሲልቨር ስፕሪንግ ነርሲንግ ሆም ገቡ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጠይቃቸዋለሁ። ወንበራቸው ላይ አላርም ተገጥሟል፤ ሲነሱ ይጮሃል። እኔ ስገባ «ኖር!» ብለው መደገፊያውን ጨብጠው ይነሳሉ፣ አላርሙ ያንባርቃል፣ አንዷ ሠራተኛ ሮጣ ትመጣና «ሲት ዳውን ፓፓ!» ብላ ትከሻቸውን ይዛ ታስቀምጣቸዋለች። ሰው አከበሩ ተብሎ ቁጣ! ያን ድምፅ የጠላሁትን ያህል ምንም ጠልቼ አላውቅም። ከበሩ ውጪ ቆሜ «በእግዜር፣ አይነሱ!» እያልኩ መግባት ጀመርኩ። ቢሆንም ይነሳሉ።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ እዚህ ያስገባሁዎት» አልኳቸው።

«እንዴት አድርገሽ?» አሉኝ። «እንግዳ ፊት?»

ያለፈው እሁድ ስገባ አላርሙ አልጮኸም። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ መብራቱን አየሁ፤ ይሠራል። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። አውቀውኛል፣ «አበዛሽ» ብለው ጠርተውኛል። እጆቻቸው ግን ጭናቸው ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ ጋሼ» አልኩ እንደ ልማዴ። ተቀምጠው ነበር።