ያልተነገረው ሰዓት

ኡበይደላ መርሳ ላይ ፍራፍሬ ጫኝ ነው። ብርቱካኑና ማንጎው ከየጓሮው በአህያ ይመጣል፤ እሱ በሣጥን እየደረደረ አይሱዙ ላይ ይጭናል። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ግን ቀጭንና ረጅም ነው። ሹፌሮቹ «አንተን ከሁለት ሰው ገጣጥመው ነው የሠሩህ» እያሉ ይስቁበታል። ሯጭ እንደነበረ አያውቁም። የሚያውቁት የመርሳ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በእሱ ፊት አያነሱትም።

የሩጫ ጓደኛው ንጉሴ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ትምህርቱ ሲያልቅ አንዱ ሣጥን ተሸካሚ፣ ሌላው ሲሪንቃ የምርምር ማሳ ላይ ማሽላ የሚያርም ቀን ሠራተኛ ሆነ። ሩጫውን ግን አልተዉትም። ሥራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሚይዛቸው ልምምዳቸው ቅዳሜና እሑድ ሆነ።

ቅዳሜ ኡበይደላ ሱብሒ ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ ንጉሴ አስፓልቱ ዳር ሰውነቱን እያፍታታ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወደ ሲሪንቃ ይወጣሉ። ሲሮጡ አያወሩም። ሲሪንቃ ሲደርሱ ከመንገዱ ወረድ ብለው ጥላ ይይዛሉ። ውኃው የሚያዘው በንጉሴ ሃይላንድ ነበር፤ የቱንም ያህል ቢጠማው ለጓደኛው ውዱእ የሚበቃውን ሳያስቀር አይጠጣም። ኡበይደላ ታጥቦ የረፋዱን ሰላት፣ ዱሃን ይሰግዳል፣ ንጉሴ አማትቦ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም የሳምንቱን ድካም የሚያራግፉት እዚያ ነበር። ኡበይደላ ዱዓ ሲያደርግ የንጉሴን ስም ይጠራል።

«ለምን በአማርኛ ትለምናለህ?» አለው አንድ ቀን ንጉሴ።

«አንተ እንድትሰማው ነዋ።»

«እኔም ቅዳሴ ላይ እጠራሃለሁ። ግን በልቤ ነው፤ ቄሱ እንዳይሰሙኝ።»

እሑድ ደግሞ የመጠበቁ ተራ የኡበይደላ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ንጉሴ ሳይቀምስ ስለሚያስቀድስ እሱም ቁርስ አይበላም። ምእመናኑ ለምደውታል፤ አንዳንዶቹ «እንዴት አደርክ፣ ኡበይዳ» ብለውት ያልፋሉ። ንጉሴ ሲወጣ ጋቢውን ለእናቱ ለእማማ አልማዝ ይሰጥና ሁለቱ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ይያያዙታል። ዳገት ላይ ኡበይደላ ይቀድማል። ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ወልድያ ላይ ሯጭ ሊመርጥ መሆኑ ተሰማ። ማጣሪያው እሑድ ከሰዓት ነው ተባለ። ሁለቱም ተመዘገቡ። የኡበይደላ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር የተመዘገበው የንጉሴ ቁጥር ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረው በሚኒባስ ሊሄዱ ተስማሙ።

ቅዳሜ እግራቸውን እንዳያደክሙ በዝግታ ሲሪንቃ ደርሰው አረፉ። ኡበይደላ ሰላት ላይ ሳለ የንጉሴ ስልክ ጠራ። ንጉሴ ተነሥቶ ራቅ አለና አነጋገረ። ኡበይደላ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላምቶ ሲጨርስ፣ ጓደኛው ስልኩን ኪሱ ሲከት አየው።

«ማነው?»

«እናቴ ናት» አለ ንጉሴ።

የደወለው ማጣሪያውን የሚያስተባብረው ሰው ነበር። የክለቡ መኪና ሳይመሽ መንገዱን መጨረስ ስላለበት ማጣሪያው ወደ ማለዳ ተዛውሯል፤ ለጓደኛህም ንገረው ብሎት ነበር። ንጉሴ እሺ ብሎ ዘጋ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ምንም አላለም። ሲለያዩም «ነገ እንግዲህ» ብሎ እጁን ጨብጦት ሄደ።

እሑድ ኡበይደላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ቅዳሴው አለቀ። ሕዝቡ ወጣ። ንጉሴ የለም። በመጨረሻ እማማ አልማዝ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ፤ ሲያዩት ቆሙ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ልጄ? ወልድያ አልሄድክም እንዴ?»

«ንጉሴን እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። አብራችሁ መስሎኝ።»

ኡበይደላ የሲሪንቃው ስልክ ትዝ አለው። «ትናንት ጠዋት ደውለውለት ነበር?»

«እኔ? ትናንትማ ካርድ አልነበረኝም። ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። ደኅና ይዋሉ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ወልድያ እስኪደርስ ለጓደኛው ምክንያት ሲፈልግለት ነበር። ሰዓቱ ሌሊት ተነግሮት ይሆናል፣ ሊጠራኝ መጥቶ በር አልተከፈተለት ይሆናል አለ። ስታዲየሙ ሲደርስ ሩጫው አልቋል። ልጆቹ ጫማቸውን እየፈቱ ነው። ንጉሴ የክለቡን ቱታ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«ትናንት ሲሪንቃ የደወሉት እነሱ ናቸው?» አለው ኡበይደላ።

ንጉሴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደምጠብቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አንተ ትበልጠኛለህ» አለ ንጉሴ መሬት መሬት እያየ። «አንድ ሰው ነው የሚወስዱት የተባለው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ኡበይዳ። ከዚህ በኋላ ማን ያየኛል?»

ኡበይደላ እኔንስ ማን ያየኛል ሊለው ነበር። በዚያ መሐል አንድ ከቆቦ የመጣ ልጅ፣ እሱም ያንኑ ቱታ ለብሶ፣ እየሳቀ መጥቶ ንጉሴን ትከሻውን መታ አደረገው። ክለቡ የወሰደው ሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛ ሆኖ ያለፈው የቆቦው ልጅ የገባበትን ሰዓት ኡበይደላ ሲሰማ፣ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ዋዛ የሚሮጡት ከዚያ የፈጠነ መሆኑን አወቀ። ንጉሴም አወቀ። ተያዩ፤ ንጉሴ ነው ዓይኑን የሰበረው።

ኡበይደላ ወልድያ አንድ መስጊድ ገብቶ ዙሁር ሰገደ። ከሰገደም በኋላ አልተነሣም። ዱዓ ሊያደርግ እጁን ሲዘረጋ በልማድ የንጉሴ ስም ምላሱ ላይ መጣ፤ ዋጠው። መለመን የሚፈልገውን ቢያስብ የሚመጣለት ሁሉ በአላህ ፊት የማይባል ሆነበት። ምንም ሳይለምን ወጣ።

በዓመቱ ንጉሴ ለበዓል ሲመጣ እማማ አልማዝ ሽማግሌ ሰበሰቡ። የመስጊዱ ሼህ አብዱልሐሊምም ነበሩ። ንጉሴ ከኡበይደላ እግር ላይ ወደቀ። ሼሁ «በል፣ አውፍ በለው፤ ይቅር በለው» አሉት፤ ኡበይደላም «አውፍ ብያለሁ» አለ። ዱዓ ተደረገ፤ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ተነሡ። በማግስቱ ቅዳሜ ንጉሴ እንደ ድሮው አስፓልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀው። ኡበይደላ ከመስጊድ ወጥቶ አየውና በጓሮ ዞሮ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ አልሮጠም።

ባለፈው ሰሞን እማማ አልማዝ ብርቱካን ሊገዙ መጡ።

«ልጄ ተመልሷል» አሉት። «ቁርጭምጭሚቱ አልድን ብሎት ክለቡ አሰናብቶታል። ከቤት አይወጣም። አንተ ብትጠይቀው ደስ ይለዋል።»

«እጠይቀዋለሁ፣ እማማ» አለ ኡበይደላ፣ ብርቱካኑን በፌስታል እየሞላላቸው። የታመመ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም፤ ከልጅነቱ የተማረው ነው።

እሑድ ከሰዓት ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። እስከ ንጉሴ ቤት በር ድረስ ሄደ። አጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፤ ንጉሴ እግሩን ዱካ ላይ ሰቅሎ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሳስቷል። ኡበይደላ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። አውፍ ማለቱን አስታወሰ፤ ያን ጊዜም ቃሉ ከልቡ እንዳልነበረ አስታወሰ። ከውስጥ እማማ አልማዝ «ማነው በሩ ላይ?» ሲሉ ሰማ።

እጁን ከበሩ አንሥቶ ዞረ። መጀመሪያ በርምጃ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ ቁልቁል ወረደ።